አሞራ በስልክ ስንመዘግብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ሊባኖስ፣ ከፖርቹጊዝ ድልድይ አጠገብ ካለው ገደል አፋፍ ቆመናል። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ድንጋዩን ማሞቅ ጀምራለች። ከእግራችን ሥር፣ ከገደሉ ወገብ በኩል፣ አንድ ግዙፍ አሞራ ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ እየተንሳፈፈ መጣ። ጅራቱ ረጅም ነው፤ መሐሉ ሰፋ ብሎ ጫፉ ይሾላል። አጥንት ከሰማይ ወደ አለት ለቆ እየሰባበረ የሚበላው ላመርጋየር ነበር። እኔ ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። አፑ ተከፈተ፣ ቦታው ተገኘ፣ ስሙን ጻፍኩ። ቀና ስል ሰማዩ ባዶ ነው። ደረቱ እንደ አዋቂዎቹ የዛገ ብረት የመሰለ ይሁን እንደ ጫጩትነቱን ገና እንደጨረሰ ወጣት ጠቆር ያለ፣ አላየሁም። ጓደኛዬ ስልኩን ሳይነካ እስከ መጨረሻው ሲከተለው ስለነበር እሱን ጠይቄ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ስልኩን ከአሞራው ማስቀደም። ገደል ላይ የሚያልፍ አሞራ የሚሰጣችሁ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ዓይናችሁ ከክንፉ ሥር፣ ከጅራቱና ከአፉ አይነሳ። ያያችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይሰማችኋል፣ ብቻችሁን ከሆናችሁም በአፍ የወጣ ነገር አይረሳም። ጽሑፉ አሞራው ከሄደ በኋላ ይደርሳል።

እኔ የምጠቀመው ኢበርድ የተባለውን ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ጥናት ማዕከል ከአውዱቦን ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሲሆን በነፃ ይወርዳል። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ግን በየትኛውም የአዕዋፍ መመዝገቢያ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው። አንድ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው እኔን የማያውቅ ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አምኖ ሊቆጥረው ሲችል ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

"ያው አሞራ ነው" ብሎ ማለፍ

ላመርጋየር ያየ ሰው ወሩን ሙሉ ሲያወራው ይከርማል። ቄራ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ክንፋቸውን ፀሐይ የሚያሞቁትን ግን ማን ይጽፋቸዋል? ከእነሱ መሐል ትንሹ፣ ቡናማው፣ ፊቱ ራቁቱን ሆኖ ምንቃሩ የቀጠነው፣ አፑ ላይ ሁድድ ቫልቸር የሚባለው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናየው የማይጠፋ ይመስለናል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 "እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ" ከሚለው እርከን ላይ አስቀምጦታል። ከዚህ በኋላ ያለው እርከን "በዱር የጠፋ" የሚለው ነው። በዚያው ዓመት ዋይት-ባክድ እና ሩፔልስ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ጥንብ አንሳዎችም እዚያው እርከን ውስጥ ገብተዋል። ሦስቱንም እዚሁ አገራችን እናያቸዋለን።

ሕንድ ላይ የሆነውን አስቡ። ዋይት-ረምፕድ የሚባለው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በየከተማው፣ በየዛፉ የሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከሺህ 999ኙ አለቀ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት መድኃኒት መሆኑ የታወቀው በ2004 ነው፤ መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሲሞት በድኑን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት መስጠት የከለከለችው በ2006 ነው። ያኔ በጣም ብዙው ሞቷል። ቁጥሩ መውረዱ ቀድሞ የታወቀው ዓመት በዓመት ሲቆጠር በነበረባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው። በሌላው ቦታ "ያው አሞራ ነው" ተብሎ ስላልተጻፈ የሚነጻጸር ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ተራ የሚመስለውን መጀመሪያ ጻፉ። ቤታችሁ በረንዳ ላይ ሆናችሁ፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ቁጠሩ። ምንም ያላያችሁበት ቀንም ይጻፍ፤ ቁራና እርግብ ብቻ ያለበት ዝርዝር "በዚህ ቀን አሞራ አልታየም" የሚል ምስክርነት ነው።

በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ማስገባት

ይህን ስህተት የውጭ አገር መመሪያ ላይ አታገኙትም፤ የእኛው ነው። ስልኩ ራሱ ሲመዘግብ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፈን ማታ ቤት ስናስገባ ነው።

ደብተሬ ላይ "ጠዋት 3:00፣ ሩፔልስ 14" ብዬ ጽፌ ነበር። አፑ ላይም 3:00 ብዬ፣ ጠዋት የሚለውን መርጬ አስገባሁ። አፑ የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ይህ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ጥንብ አንሳ በሌሊት ገደሉ ላይ ተኝቶ ነው የሚያድረው፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሳይጀምር ያን ከባድ አካሉን ይዞ ሊያንዣብብ አይችልም። አፑ ላይ ትክክለኛው 9:00 ጠዋት መሆን ነበረበት። መዝገቦችን የሚያጣራ አንድ በጎ ፈቃደኛ በኢሜይል ጠየቀኝ፤ አስተካከልኩት። እሱ ባይጠይቅ ኖሮ ያ የሌሊት መዝገብ ዛሬም እዚያው ይገኝ ነበር። ቀላሉ መፍትሔ ደብተሩ ላይ ከመጀመሪያው ስልኩ የሚያሳየውን ሰዓት መጻፍ ነው። ያ ከከበዳችሁ በእኛው ጻፉና ጎኑ ላይ "በእኛ" የሚል ቃል ጨምሩ።

የቀኑ ስህተት ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሲታይ ስህተት አይመስልም። የካቲት 6 ቀን 2017 ስቴፕ ኢግል የሚባለውን ንስር አያችሁ እንበል። "6/6/2017" ብላችሁ ብታስገቡት አፑ ሳያቅማማ ይቀበላችኋል፤ እሱ ግን የሚያነበው ሰኔ ላይ፣ ያውም ከስምንት ዓመት ግድም በፊት አድርጎ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ ስቴፕ ኢግል እኛ ዘንድ አይከርምም፤ ካዛክስታንና ሞንጎሊያ ሜዳ ላይ ጫጩቶቹን እየመገበ ነው። ትክክለኛው ቀን ፌብሩዋሪ 13፣ 2025 ነበር። ይህን ንስር ለመጠበቅ የሚሠሩ ሰዎች መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ የሚያውቁት ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው። እሱም ቢሆን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቆጥሯል።

"ያየሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ" ማለት

ዝርዝሩን ልትልኩ ስትሉ ኢበርድ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ለይታችሁ ያወቃችሁትን ወፍ ሁሉ አስገብታችኋል ወይ ይላል። ብዙ ሰው ጥያቄውን "የምፈልገውን ጨርሻለሁ ወይ" ብሎ ይረዳውና "አዎ" ይላል። እንጦጦ ወጥታችሁ ኦገር ባዛርድ የሚባሉ ሁለት አሞራዎች ብቻ ጻፋችሁ፤ ቁራውን፣ እርግቡን፣ ድንቢጧን አያችኋቸው ግን አልጻፋችኋቸውም። "አዎ" ስትሉ "በዚያ ጠዋት እንጦጦ ላይ ቁራ አልነበረም" ብላችሁ እየመሰከራችሁ ነው። ከዝርዝሮቹ ተነስቶ የአንድን ዝርያ መብዛትና ማነስ የሚያሰላው ሥርዓት የሚያምናችሁ ይህችን መልስ ይዞ ነው።

የወጣችሁት አሞራ ብቻ ልትጽፉ ከሆነ "አይ" በሉ፤ ምንም ነውር የለበትም፣ መዝገባችሁም አይጣልም። ጊዜ ካላችሁ ግን ሌሎቹንም ጻፏቸው። በተለይ ቁጥር የሚያስቸግር ከሆነ የ"ኤክስ" ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ "አይቻለሁ፣ አልቆጠርኩም" ማለት ነው።

ስሙን መገመት

ጭልፊት፣ ጭላት፣ ጆፌ አሞራ፣ ጥንብ አንሳ፣ ንስር። እነዚህ ስሞቻችን ያማሩ ናቸው፤ ግን ከአካባቢ አካባቢ የሚያመለክቱት ይለያያል፣ አንዱም ስም ብዙ ዝርያ ያቅፋል። አፑ የሚፈልገው አንድን ዝርያ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ያሳስታል።

አዲስ አበባ ላይ ከልጅ እጅ ዳቦ የሚነጥቀው፣ ጅራቱ መሐሉ ላይ ሸንቆር ያለው የሎ-ቢልድ ካይት ነው፤ ምንቃሩ ቢጫ ነው። በበጋ ደግሞ ምንቃሩ ጠቆር ያለ ዘመዱ ከአውሮፓና ከእስያ ይመጣል። ታዲያ ጥቁር ምንቃር ያየ ሰው "እንግዳው ነው" ብሎ ይጽፋል። የእኛው ወጣት ሲሆን ምንቃሩ ጥቁር መሆኑን አላሰበም። ትልልቆቹ ቡናማ ንስሮችም ያሳስታሉ። ስቴፕ ኢግል እና ቶውኒ ኢግል ቆመው ሲገኙ የአፋቸውን ጥግ ተመልከቱ፤ ቢጫው መስመር የስቴፕን ዓይን አልፎ እስከ ኋላ ጠርዙ ይደርሳል፣ የቶውኒው ከዓይኑ መሐል አካባቢ ይቀራል። ይህን ካላያችሁና ንስሩ ከሩቅ ካለፈ አፑ "የንስር ዓይነት"፣ "የጥንብ አንሳ ዓይነት" የሚል ትርጉም ያላቸው አማራጮች አሉት። እነሱን መምረጥ ሽንፈት አይደለም፤ ሐቀኛ መዝገብ ነው። ከፎቶ ወፍ የሚለየው መርሊን የተባለው አፕም ረዳት ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ከኋላ ብርሃን የተነሣ ጥቁር ጥላ ቢሰጡትም አንድ ስም መጥራቱ አይቀርም።

ደጋግሞ መቁጠር

ቄራ ላይ ወይም ሬሳ ባለበት ሜዳ አሞራው ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይዞራል። የመጣውን ሁሉ ብትደምሩ 20ው አሞራ 60 ይሆንባችኋል። በአንድ ጊዜ ያያችሁትን ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፉ። ስልክ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ኋላ መቁጠርም ጥሩ ነው።

መንገዱን በሙሉ በአንድ ዝርዝር ማስገባት

ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አፑን ከፍቶ ጉዞውን በሙሉ አንድ ዝርዝር ማድረግ ሞጆ ያለውን አሞራና አዋሽ በረሃ ያለውን ጭልፊት አንድ ነጥብ ላይ መትከል ነው። ኢበርድ የሚመክረው ለአንድ ዝርዝር ከ8 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ነው። በየማረፊያው አቁማችሁ አዲስ ጀምሩ፤ አሞራ የሚታየውም መኪናው ሲቆም ነው። ኔትወርክ የለም ብላችሁ አትተዉት። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የአካባቢውን የወፎች ዝርዝር ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ አውርዱት። በጉዞ ላይ የመብራት ምሰሶዎቹንም ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ከቡልጋሪያና ከግሪክ ተነስቶ አፋር የሚከርመው ነጩ ኢጂፕሽያን ቫልቸር ማታ የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነው፤ የምሰሶው ኤሌክትሪክም ብዙ ይገድላል። መነጽር ይዛችሁ ከመቆማችሁ በፊት ግን አጠገባችሁ ካምፕ ወይም ጥበቃ ያለበት ግቢ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ካለም ቀድማችሁ ሰው አናግሩ።

ጎጆውን ለዓለም ማሳየት

ላመርጋየር በዓመት የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ነው። ሰው ከተደጋገመበት ጎጆውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ እንቁላልና ጫጩት የሚሰርቅም አለ። ኢበርድ የአንዳንድ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ይደብቃል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። የእናንተ ፎቶ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ማንም አይደብቀውም። የካሜራውን የቦታ ምልክት አጥፉ። ጎጆ ካገኛችሁ የመመልከቻ ቦታችሁን እንጂ የጎጆውን ነጥብ አትትከሉ፤ ዝርዝሩን ከሕዝብ እይታ መሰወርም ይቻላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ገደል ላይ ጎጆውን ያሳየን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ስልኬን ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ቦታውን እዚያ ላይ ነው የሚጽፉት?" አለኝ። አዎ ስለው "ማን ያየዋል?" ሲል ጠየቀኝ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት። ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ "ላመርጋየር 2" የሚል አለ፤ ነጥቡ ያረፈው ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ እኛ ከቆምንበት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ልጁ ነጥቡን በጣቱ ነካ አድርጎ ገደሉን ቀና ብሎ አየና "እሺ፣ እዚያ ከሆነ ደግ ነው" ብሎኝ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ።