ለቪዛ ኤጀንት ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ

ውጭ ለመሄድ አማካሪ ወይም ኤጀንት ልትይዙ ካሰባችሁ ገንዘብ ሳትሰጡት በፊት "ፎርሙ ላይ ወኪል ተብለህ ስምህ ይገባል ወይ?" በሉት። ካናዳ ከሆነ አይኤምኤም 5476 የሚባል የወኪል ፎርም አለ፣ ተከፍሎት የሚሰራላችሁ ሰው ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን እዛ ላይ ነው የሚሞላው፣ አውስትራሊያ ደግሞ ፎርም 956 አላት። "አያስፈልግም፣ ራስህ እንደሞላኸው አድርገን እንልከዋለን" ካላችሁ በቃ ተዉት። ፈቃድ የሌለው ሰው ስሙ እንዲታይ አይፈልግማ፣ ደሞ ውሸት ነገር ቢገኝበት የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ፣ ካናዳ በሀሰት መረጃ የተያዘን ሰው 5 ዓመት ነው የምታግደው፣ እባካችሁ ይሄን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ቁጥሩን ከሰጣችሁም እሱ በላከው ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ ፈቃዱን የሚሰጠውን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ድረገጽ ከፍታችሁ መዝገቡ ላይ ፈልጉትና እዛ በተጻፈው አድራሻ አግኙት፣ ምክንያቱም የሌላ ሰው ፈቃድ ቁጥር ይዘው የሚዞሩ አሉ።

ግን ይሄ ሰውየው ህጋዊ መሆኑን ነው እንጂ የመረጠላችሁ መንገድ ልክ መሆኑን አያሳይም። የትኛውን የቪዛ ዓይነት እንደሚያስገባላችሁ በትክክለኛ ስሙ አስጽፉትና መስፈርቱን የመንግስት ድረገጽ ላይ ራሳችሁ አንብቡት፣ በተለይ "በቱሪስት ግባ፣ እዛ ስትደርስ ወደ ስራ ይቀየራል" ከተባላችሁ። ለካናዳ በነጻ የሚረዳችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ግን ፈቃድ አይጠየቅም።