ፔፐር ስፕሬይ ይዛችሁ ለምትጓዙ እህቶች

ከአሜሪካ ወደ ለንደን የምትሄዱ ሁሉ፣ ቁልፋችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁትን ፔፐር ስፕሬይ (አጥቂ ዓይን ላይ የሚረጭ፣ የሚያቃጥል የበርበሬ ፈሳሽ) ከመነሳታችሁ በፊት አውልቃችሁ ቤት አስቀምጡት። እንግሊዝ ውስጥ በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ይዞ መገኘት ብቻውን ያስከስሳል። «ራሴን ልከላከልበት ነው» ማለት አያድናችሁም። ከአሜሪካ ስትነሱም በእጅ ቦርሳ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት አይቻልም። የሚፈቀደው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አንድ ብቻ፣ ከ118 ሚሊ ሊትር ያልበለጠና በድንገት እንዳይረጭ መቆለፊያ ያለው ነው። እሱንም ቢሆን የማይቀበሉ አየር መንገዶች አሉ።

በእሱ ፋንታ የኪስ አላርም ግዙ። ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም አይከብድም። ፒኗን ስትስቡት እንደ አምቡላንስ ትጮሃለች፤ ፒኑ ተመልሶ እስኪገባም ዝም አትልም። ግን እባካችሁ ቦርሳ ውስጥ ከቻርጀርና ከሊፕስቲክ ሥር አትቅበሯት! በጭንቅ ሰዓት ዚፕ ከፍቶ የሚፈልግ እጅ የለም። የቦርሳው ማንገቻ ላይ፣ ደረታችሁ አካባቢ እሰሯት። ማታ ከባቡር ስትወርዱ ጣታችሁን የፒኗ ቀለበት ውስጥ አስገቡ። አንዴ ከሳባችሁ በኋላ ቆማችሁ ምን እንደሚሆን አትጠብቁ፤ ሰውና መብራት ወዳለበት ሩጡ። ሱቅ፣ ሆቴል፣ የተገኘው ቦታ ግቡ።

ትንሽ የእጅ ባትሪም ጥሩ ነው፤ ጨለማ ደረጃ ላይ የስልካችሁን ቻርጅ ያተርፍላችኋል።

አላርሟን ከጉዞ በፊት ሁሌም ሞክሯት። ባትሪዋ ሲደክም ድምፅዋ ይሰልላል፣ ያኔ ቀይሩላት።