የመብራት ቢል ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት የመብራት ቢል ወሬ አይጠፋም። ኦክላንድ ያለው «በዚህ ወር 180 ዶላር መጣብኝ» ሲል፣ ሲያትል ያለው «እኔ በሁለት ወር እንኳ ያን ያህል አልከፍልም» ይላል። ዳላስ ያለው ደግሞ ጣልቃ ይገባና «ካምፓኒ አትቀይርም እንዴ?» ብሎ ይመክራል። ሦስቱም ውሸት አላወሩም። ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ግራ መጋባታችን አይገርምም። አገር ቤት መብራት የሚሸጥልን አንድ ድርጅት ነው። ታሪፉ ጎንደርም ሆነ ጅማ ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በፍጆታ ነው፤ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፍ ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀም በከፍተኛው። አሜሪካ ውስጥ ግን ወደ 3,000 የሚጠጉ መብራት አቅራቢዎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ዕዳ፣ የራሱ ታሪፍ አለው። ይህንን ሳያውቁ ቢል ማወዳደር ለክርክር እንጂ ለሌላ አይጠቅምም።

ጠቅላላውን ዶላር ማወዳደር

ከቢሉ ግርጌ ያለው ቁጥር ዋጋ አይደለም፤ ዋጋ ሲባዛ በፍጆታ ነው። ሃዋይ ውስጥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ40 ሳንቲም በላይ ነው፣ ሉዊዚያና ውስጥ 12 ሳንቲም አካባቢ። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። የቤተሰቦቹ ወርሃዊ ቢል ልዩነት ግን እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሃዋይ አየሩ ለስላሳ ስለሆነ ሰው የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ሉዊዚያና ላይ ግን ኤሲው በጋውን ሙሉ አያርፍም፣ በክረምትም ብዙው ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው።

አንድ ከተማ ውስጥም ይኸው ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አሮጌ ሕንፃ የተከራየ ሰው ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ተደምሮለት ይሆናል። ጎረቤቱ አዲስ ሕንፃ ገብቶ ማሞቂያውም፣ ሙቅ ውሃውም፣ ምድጃውም በኤሌክትሪክ ነው። ጥር ላይ ሁለቱ ቢላቸውን ቢያስተያዩ ሁለተኛው ተዘረፍኩ ይላል። የሚከፍሉት ታሪፍ ግን አንድ ነው።

ሌላም አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የውሃው፣ የፍሳሹና የቆሻሻው ክፍያ ከመብራቱ ጋር በአንድ ቢል ነው የሚመጣው። እዚያው ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ «መብራት እኮ ገደለን» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ ገዳዩ ግማሹ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመብራቱን ክፍያ ብቻ ለይታችሁ ለተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። የምታወዳድሩት የሚወጣውን ሳንቲም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ክፍያ አለ። ብቻውን የሚኖርና ቀኑን ሥራ የሚውል ሰው ይህ ክፍያ በጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ላይ ስለሚካፈልበት፣ አማካዩ ከፍ ብሎ ይታየዋል።

«አንድ ስቴት ነን፣ አንድ ዋጋ ነን» ማለት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ ተነስታችሁ በውሃው ሥር ባለው ዋሻ ብታልፉ አላሜዳ ደሴት ናችሁ። መንገዱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። መብራቱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኦክላንድ የፒጂ ኤንድ ኢ ነው፣ አክሲዮኑ ገበያ ላይ የሚሸጥ ኩባንያ። አላሜዳ ከ1887 ጀምሮ የራሱ የከተማ መብራት አለው፣ ዋጋውም በጣም ያንሳል። ሳክራሜንቶም የሕዝብ ድርጅት ነው ያለው፤ እዚያ የሚከፈለው በፒጂ ኤንድ ኢ ክልል ከሚከፈለው ግማሽ ገደማ ነው። ሲያትል የከተማው ነው፣ ጎረቤቱ ሬንተን የግል ኩባንያ። ዳላስ ካምፓኒ ይመረጣል፤ ብዙ ወገኖቻችን ያሉበት ጋርላንድ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ የራሱ መብራት አለው።

ከኃይል ምንጩ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ ሽቦው የማን ነው? የግል ኩባንያ ሲሆን፣ የስቴቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባለአክሲዮኖቹ ባዋጡት ካፒታል ላይ ትርፍ ይፈቅድለታል፣ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ9 እስከ 10 በመቶ። ነዳጁ ብዙውን ጊዜ በገዛበት ዋጋ ወደ ደንበኛው ያልፋል። ትርፉ የሚመጣው ከሚገነባው ነው፤ ከምሰሶው፣ ከማከፋፈያ ጣቢያው፣ ከአዲሱ ቆጣሪ። ብዙ በገነባ ቁጥር ብዙ ያገኛል። የከተማ ድርጅት ባለአክሲዮን የለውም። ሲበደርም ወለዱ ከግብር ነፃ በሆነ ቦንድ ስለሆነ ብድሩ ይረክስለታል። ከፌዴራል ግድቦች ኃይል ለመግዛትም ሕጉ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ይህ ማለት ግን የሕዝብ የሆነ ሁሉ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ከመብራቱ ገቢ እየቀነሰ ለሌላ ሥራ የሚያውል ከተማ አለ። ገጠር ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም አትራፊ አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ማይል ሽቦ ላይ ያላቸው ደንበኛ ጥቂት ስለሆነ ወጪው ለየሰው ይከብዳል።

ሁሉንም ነገር በምንጩ ማስረዳት

«ዋሽንግተን ስቴት ግድብ ስላለ ነው የሚረክሰው» ይባላል። እውነት ነው። ቼላን ካውንቲ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ሮኪ ሪችና ሮክ አይላንድ የሚባሉ ሁለት ግድቦች አሉት፤ የነዋሪው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ከ5 ሳንቲም በታች ነው። ሃዋይም በምንጭ ይገለጻል። ብዙውን ኃይል የሚያመነጨው በመርከብ ከሚመጣ ነዳጅ ነው፣ ከጎረቤት ስቴት ኃይል የሚበደርበት ሽቦም የለውም።

ካሊፎርኒያ ስንደርስ ግን ነገሩ ይፈርሳል። የፀሐይ ኃይል ሞልቷል፤ ቀትር ላይ በጅምላ ገበያው ዋጋው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ቤት የሚደርሰው ግን በአማካይ 30 ሳንቲም ገደማ ነው። ቢሉ የሚሸከመው ኃይሉን ብቻ አይደለማ! በ2018 የፒጂ ኤንድ ኢ አሮጌ መስመር ያስነሳው እሳት ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ አወደመ፤ 85 ሰው ሞተ። ኩባንያው በጥር 2019 ኪሳራ አወጀ። ከዚያ ወዲህ በሽቦው ዙሪያ ዛፍ መቁረጥ፣ መስመሩን ከመሬት በታች መቅበር፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም የሚገባው ከደንበኛው ቢል ነው። አንድ ማይል መቅበር ሚሊዮኖች ዶላር ይፈጃል።

ይህ ስህተት ወደ አገር ቤት ወሬም ይሻገራል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ «ታዲያ ታሪፉ ለምን ይጨምራል?» ያልተባለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኖ ነበር። ግድብ ኃይል ያመነጫል። ከጉባ እስከ ቤታችሁ ያለው ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ብዙው ዕቃ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው።

በር ላይ ለመጣ ሰው ቢል ማሳየት

ይኼ ስህተት በቀጥታ ኪስ ይነካል። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮና ሌሎችም ስቴቶች ውስጥ ኃይሉን ከሦስተኛ ወገን መግዛት ይቻላል። ከዲሲ ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመዳችሁ ግን በተግባር እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም፤ ቨርጂኒያ ሕጉ ሌላ ነው።

ሰውየው ደረቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ ይመጣል። «የመብራት ካምፓኒ ነኝ፣ ቅናሽ እየደረሳችሁ መሆኑን ላረጋግጥ፣ እስቲ ቢላችሁን» ይላል። እናቶቻችን እንግዳ ነውና «ግባ ልጄ» ይሉታል፤ ቡናም አፍልተውለት ሊሆን ይችላል። እሱ የሚፈልገው ግን ቡናውን አይደለም። የሚፈልገው ቢሉ ላይ ያለውን የአካውንት ቁጥር ነው። እሱን ካገኘ አቅራቢ ለመቀየር የቀረው ጥቂት ነው።

የሚቀየረው ደግሞ የቢሉ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቢላችሁን ገልጣችሁ ብታዩ አቅርቦትና ማከፋፈል ተለያይተው ተጽፈዋል። ማከፋፈሉ፣ ቀረጡና ልዩ ልዩ መዋጮው ከማንም ብትገዙ አይለወጥም። መብራት ሲጠፋ የሚመጣውም ያው የድሮው ካምፓኒ ነው። «ቢልህ በ20 በመቶ ይቀንሳል» ያለ ሰው ቢበዛ የሚያወራው ስለ አቅርቦቱ 20 በመቶ ነው፤ ያም ለመጀመሪያዎቹ ወራት። ከዚያ በኋላ ዋጋው በየወሩ ወደሚዋዥቅ ውል ይገባል፣ ደንበኛው የሚነቃው ዓመት ቆይቶ ነው። ሜሪላንድ በዚህ ተማርራ በ2024 ሕጉን አጠበቀች። ሌሎቹ ጋ ግን ራስን መጠበቅ ነው። የመደበኛው ካምፓኒ የአቅርቦት ዋጋ ከቢሉ ላይ ወይም ከድረ ገጹ ይገኛል። ሰውየው የሚያቀርበውን ከዚያ ጋር አስተያዩ፣ ለስንት ወር እንደሚቆይም ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ በሩን መዝጋት ነው።

ቴክሳስ ላይ በ1,000 መታለል

ዳላስና ሂዩስተን ላይ ከ2002 ጀምሮ አቅራቢ ይመረጣል፤ ዛሬ መምረጡ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ማስታወቂያው «6 ሳንቲም» ይላል። ከሥሩ ያለውን ቅጽ አንብቡ፤ አማካይ ዋጋው ለ500፣ ለ1,000 እና ለ2,000 ኪሎዋት ሰዓት ተለያይቶ ተቀምጧል። ብልሃቱ እዚያ ነው።

ለምሳሌ ውሉ በኪሎዋት ሰዓት 16 ሳንቲም ያስከፍልና 1,000 የደረሰ ሰው 100 ዶላር ይመለስለታል እንበል። ልክ 1,000 ብትጠቀሙ 60 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ 6 ሳንቲም ማለት ነው። 999 ላይ ብትቆሙ 159.84 ዶላር። አንዲት ኪሎዋት ሰዓት ቆጥባችሁ 100 ዶላር ከሰራችሁ። ጥቅምትና መጋቢት ላይ፣ ኤሲውም ማሞቂያውም በማይሠራበት ወር፣ ትንሽ አፓርትመንት 1,000 አይደርስም። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ፍጆታ ወር በወር ሳያዩ ውል አለመፈረም ነው።

በጅምላ ገበያው ዋጋ የሚሄድ ውል ደግሞ ጨርሶ ለቤተሰብ የሚሆን አልነበረም ባይ ነኝ። በየካቲት 2021 በረዶው ሲመታ የጅምላው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ውል የነበራቸው ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ሺዎች ዶላር ቢል መጥቶባቸዋል፤ ቴክሳስም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ውል ለቤተሰብ መሸጥ ከለከለች።

ሰዓቱን መርሳት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙው ቤት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ውድ ይከፍላል። 1,500 ዋት ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢጣድ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ50 ሳንቲም ብናሰላው 1.50 ዶላር ይሆናል፤ ርካሽ በሆነው ሰዓት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። እንጀራው ያው ነው። ጠዋት መጋገር የሚችል ጠዋት ይጋግር።

ቢሉ ሲጨምር ቤተሰቡን መጠርጠር

«ልጆቹ መብራት አያጠፉም» ከማለታችሁ በፊት የዘንድሮውን ኪሎዋት ሰዓት ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ። ፍጆታው ካልጨመረ ልጆቹ ነፃ ናቸው።

ከሰኔ 2025 ጀምሮ ከቺካጎ እስከ ዲሲ የሆነው ይህ ነው። 13 ስቴቶችንና ዲሲን የሚያገናኘው ፒጄኤም የሚባለው መረብ፣ ኃይል ማመንጫዎች ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ በጨረታ ይከፍላቸዋል። በሐምሌ 2024 በተካሄደው ጨረታ የአንድ ሜጋዋት የቀን ዋጋ ከ28.92 ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። አሮጌ ማመንጫዎች እየተዘጉ ነው፤ ፍላጎቱ ደግሞ፣ በተለይ በቨርጂኒያው ደለስ አየር ማረፊያ ዙሪያ እንደ እንጉዳይ በፈሉት ዳታ ሴንተሮች ምክንያት፣ እያሻቀበ ነው። ሂሳቡ በሚቀጥለው ሰኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጡረተኛ በር ላይ ደረሰ። አትላንታ ያሉት በዚህ መረብ ውስጥ የሉም። እነሱ ደግሞ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን የቮግል ኑክሌር ጣቢያ በቢላቸው እየከፈሉ ነው።