በድሬ ሙቀት የማይቀልጥ ጄሊ

ጁስ ቤቴ ቀዚራ ነው። ጄሊ የሚያዝ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀኝ «የጾም ነው?» ወይም «ሐላል ነው?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ጄሊ የሚረጋበት ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ሁለቱንም ጥያቄ በድፍረት አያስመልስም። ደግሞ አቦ፣ በእኛ ሙቀት ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ማላብ ይጀምራል። ስለዚህ እኔ በአጋር ነው የምሠራው።

አጋር ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ነው። ቀይ አልጌ በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ሁሉም ግን አያረጋም። ከሃዋይ እስከ ፊጂ፣ በሞቃታማው ፓሲፊክ ደሴቶች ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚበቅሉት መካከል አጋር የሚሰጠው ግራሲላሪያ የሚባለው ነው። ካፓፊከስ የሚባለው ሌላው ቀይ አልጌ ደግሞ በፊሊፒንስ፣ በሰለሞን ደሴቶችና በኪሪባቲ ገመድ ላይ እየታሰረ ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሃዋይ ተወስዶ፣ ካኔኦሄ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ኮራሉን እየሸፈነ አስቸግሯል። ከሱ የሚገኘው ካራጊናን የሚባል ሌላ ማርጊያ ነው፤ ለአይስክሬም ጥሩ ነው፣ ለዚህ ጄሊ ግን አልመክረውም። ስትገዙ ኮዱን እዩ፦ አጋር ኢ406፣ ካራጊናን ኢ407።

ለ1 ሊትር ጄሊ 4 የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄት ይበቃል። ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኑትና እያማሰላችሁ ጣዱት። ፈላ ብላችሁ ወዲያው እንዳታወጡት። ማንኪያውን አውጡና ጀርባውን እዩ፤ እንደ አሸዋ የተለጠፉ ፍሬዎች ካሉ ገና ነው። እየወረደ ያለው ጠብታ ጥርት ሲል ስኳሩን ጨምሩና አውርዱት።

ቀሪው ግማሽ ሊትር ጁስ ነው፤ እሱ የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው። ብርቱካንና ሎሚ አብረው ከፈሉ አሲዳቸው አጋሩን ያደክመዋል። ከፍሪጅ የወጣ ጁስም አታፍሱበት፤ አጋር 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ስለሚጀምር እዚያው ይጓጉላል። ጁሱን ጠረጴዛ ላይ ብታቆዩት የድሬ አየር ለብ ያደርግላችኋል። ሙቀታችን ከጠቀመኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ፓፓያ ከወደዳችሁ ጥሬውን ቆራርጣችሁ ክተቱ። የፓፓያ ኢንዛይም ጀላቲንን ይበላዋል፤ ጀላቲን ፕሮቲን ነዋ። አጋርን ግን አይነካውም።

በሰኔ ቀትር ወጥ ቤቱ ራሱ 40 ዲግሪ ሊጠጋ ስለሚችል ማታ ሥሩት፣ ወይም ፍሪጅ አስገቡት። አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ መብራት ቢጠፋም እንቅልፍ አይነሳችሁም። እ.ኤ.አ. በ1881 ፋኒ ሄሰ የምትባል ሴት ለተመራማሪው ባለቤቷ የባክቴሪያ ማሳደጊያ አጋርን የጠቆመችውም፣ ጀላቲኑ በበጋ እየቀለጠ ስላስቸገረው ነው። ያቺ ሴት ድሬን ብታያት ምን ትል ነበር!

ሁሉን ወደሚረጋበት ዕቃ ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉ። ሲቀዘቅዝ ካልጠነከረ፣ ተጨማሪ አንድ የሻይ ማንኪያ አጋር ለብቻው በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ ቀላቅሉበት። ዱቄቱን በደረቁ አትበትኑበት፤ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይቀራል።