መታወቂያም የልደት ካርድም በሌለበት ዜግነትን ማስረዳት

በአራዳ ወይም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ እየኖሩ የማንነት ሰነድ ከሌለዎት፣ አስቀድመው ሊይዙት የሚገባው ነጥብ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ ሁለቱ ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለትን ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ብሎ መደንገጉ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋው ከእናትና ከአባትዎ ይጀምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃንም የውጭ ዜግነቱ ካልተረጋገጠ በቀር ኢትዮጵያዊ ነው ተብሎ እንደሚገመት፣ ያለ ወላጅ ያደጉ ወገኖቻችን በደጅ ጥናት ተስፋ ከመቁረጣቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል።

የወላጆችዎን የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድዎን፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድዎን ያሰባስቡና ስሞቹን እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ አያትዎ በአንዱ «ገብሬ»፣ በሌላው «ገብረማርያም» ተብለው ከተጻፉ ጉዳይዎ ከመስኮቱ ሊመለስ ይችላልና።

መታወቂያው የጠፋ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይዘው መታወቂያውን ወደ ሰጠዎት ወረዳ ይሂዱ፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው ደግሞ መሸኛ፣ ማለትም ከቀድሞ መኖሪያው ቀበሌ ወይም ወረዳ የሚሰጥ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ለነዋሪ የሚሰጥ በመሆኑ ማንነትን እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብበት ስለሚችል ከእርሱ መነሳት ይበጃል። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገም አቤቱታ ለማቅረብ እንዲያመችዎ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።