ብስክሌት ሲነዱ ጉልበትዎን ያምዎታል? ኮርቻን በልክ እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል

ብስክሌት አዘውትሮ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ሲያመው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ቅባትና ወደ ጉልበት ማሰሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ኮርቻው ላይ ነው። ፔዳል በደቂቃ 80 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ጉልበት በሰዓት 4,800 ጊዜ ታጥፎ ይዘረጋል። ኮርቻው ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ይህ ሁሉ መታጠፍ ከልኩ ያለፈ ነው። ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ሜትር፣ ክር፣ ውሃ ልክና መፍቻ ይበቃል።

የሚያመው የት ነው?

ሕመሙ ከፊት፣ በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ መሪው ቀርቧል፤ አለዚያም በከባድ ማርሽ እየታገሉ ነው። ጉልበት በጣም እንደታጠፈ ሲገፋ ሎሚውን የጭን አጥንት ላይ አጥብቆ ይጫነዋል። ከኋላ፣ እጥፋቱ ላይ የሚያምዎት ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮርቻው ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ርቋል፣ እግርዎ ፔዳሉን ለመድረስ ይንጠራራል። በውጭ ጎን በኩል ለሚሰማ ሕመም የኮርቻው ከፍ ማለት አንዱ ምክንያት ነው። ጫማዎ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ግን ከጫማው ሥር ያለው መቆለፊያ ተጣምሞ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ጉልበትዎ ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሲቆሙ ከከዳዎት፣ ተኝተውም የሚጠዘጥዝዎት ከሆነ ወይም ሕመሙ የጀመረው ከወደቁ በኋላ ከሆነ መፍቻውን ያስቀምጡና ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ከፍታውን ማግኘት

በከተሞቻችን በብዛት የሚታየው ስህተት ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እግር መሬት ማስረገጥ ነው። ሲያዩት ደኅንነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ፔዳሉ ታች ሲደርስ እንኳ ከመሬት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ተቀምጦ መሬት በሙሉ እግሩ የሚረግጥ ሰው ፔዳሉ ላይ ጉልበቱ መቼም አይዘረጋም። ትክክለኛ ከፍታ ላይ ሆነው ሲቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደው አንድ እግር ያሳርፋሉ። ለሁለት ቀን ያስፈራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ፈጣኑ መንገድ በተረከዝ መለካት ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አጠገብ ያቁሙ፣ የሚነዱበትን ጫማ ያድርጉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ኮርቻው ላይ ይቀመጡ። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ያዙሩ። ፔዳሉ በጣም በሚርቅበት ቦታ፣ ማለትም ፔዳሉን የያዘው ክንድ ኮርቻውን ከያዘው የፍሬም ቱቦ ጋር ቀጥ ሲል፣ ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት፤ ዳሌዎ ግን ወደ ጎን ማዘንበል የለበትም። ከዚያ እግርዎን እንደ ወትሮው በጣቶቹ ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ ጉልበትዎ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቀራል። የሚፈለገው ይህ ነው።

በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለጉ ባዶ እግርዎን ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙ። አንድ ጠንካራ መጽሐፍ በጭኖችዎ መካከል አስገብተው ኮርቻ እንደሚጫነው ያህል ወደ ላይ ይግፉት፣ ከወለል እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጫፍ ያለውንም ያስለኩ። ልኩን በ0.883 ያባዙት። ይህ ቀመር በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ባሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ስም የሚታወቅ ነው። ልክዎ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህም የፔዳል ክንዶቹ ከሚዞሩበት መሀል አንሥቶ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ካደረጉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። ቀመሩና ተረከዙ ካልተስማሙ ተረከዙን ይመኑ፤ ቀመሩ የእግርዎን መዳፍ ርዝመት አያውቅም።

ኮርቻውን ማንሣት

ከመፍታትዎ በፊት አሁን ያለበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። የኮርቻው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ይፈታል፤ በአሮጌዎቹ ላይ ተራ መፍቻ ወይም በእጅ የሚከፈት መቆለፊያ ይኖራል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸ የመጨረሻ መስመር አለ። ያ መስመር ከፍሬሙ በላይ መታየት የለበትም፤ ከታየ ዘንጉ ሊጣመም ወይም ፍሬሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቁመታችሁ ረጅም ሆኖ ብስክሌቱ ትንሽ ከሆነ መፍትሔው ረዘም ያለ ዘንግ መግዛት ነው። ውፍረቱ ግን በትክክል አንድ መሆን አለበት፤ 27.2 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ፍሬም ውስጥ 27.0 ካስገቡ እየነዱ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ቁጥሩ አሮጌው ዘንግ ታችኛው ክፍል ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ዘንጉ ዝጎ እምቢ ካለ በመዶሻ አይምቱት። ዘይት በዙሪያው አንጠባጥበው ያሳድሩት፣ በማግስቱ ኮርቻውን ይዘው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጡት። ሲመልሱት ዝገቱን ጠርገው ስስ ግሪስ ይቀቡት። ዘንጉ ካርቦን ከሆነ ግን ግሪስ አይነካም።

ከፍታውን በአንድ ጊዜ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከመጨመር በ5 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ መሄድ ይሻላል። ጡንቻና ጅማት በለመዱት ላይ ድንገት ለውጥ ሲመጣባቸው ሌላ ሕመም ይፈጥራሉ።

ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ዝንባሌ

ሁለቱን ፔዳሎች ከመሬት እኩል ያድርጉ። ከፊተኛው እግር የጉልበት ሎሚ ሥር ቱንቢ፣ ማለትም ክር ላይ የታሰረ ብሎን፣ ያንጠልጥሉ። ክሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ካለፈ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። ከፊት አልፎ ከወደቀ ኮርቻውን ወደ ኋላ ያንሸራትቱ። ወደ ኋላ የሄደ ኮርቻ ከፔዳሉም ስለሚርቅ ከፍታውን እንደገና በተረከዝ ይፈትሹ።

ለዝንባሌው ረጅም ማስመሪያ ኮርቻው ላይ አጋድመው ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። እኩል ይሁን፤ አፍንጫው፣ ማለትም የፊቱ ጫፍ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ወደ ላይ ካየ ብልትና አካባቢው ይደነዝዛል። በጣም ወደ ታች ካየ ደግሞ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚደነዝዙት መዳፍ ሥር ያለው ነርቭ ሲጫን ነው። ጓንት ከመግዛትዎ በፊት ውሃ ልኩን ይሞክሩ።

ማርሽ

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለሚነዳ ኮርቻው ብቻ ሊበቃ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ፣ ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ኮርቻው ትክክል ሆኖም በከባድ ማርሽ መውጣት ጉልበት ያሳምማል። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቀላሉ ይቀይሩ፤ ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ማለት ነው። ፔዳሉን አጥብቆ እየገፉ መቀየር ሰንሰለት ሊበጥስ ይችላል። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ይሞክሩ፤ የ15 ሴኮንድ ዙር ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ከሆነ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

ሙከራ

ብሎኖቹን አጥብቀው ኮርቻውን በሁለት እጅ ያወዛውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም። ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ይንዱና አንድ ሰው ከኋላ በስልክ ይቅረጽዎ። ዳሌዎ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ከነካኩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

የሚስማማዎት ሲገኝ ዘንጉ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ልኩን ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ብስክሌት የተዋሰ ሰው ኮርቻውን ሳይነካ አይመልስም።