ለወፍና ለንብ የሚመች ግቢ በመሀል አዲስ አበባ

በመሀል አዲስ አበባ ያሉት ነባር ግቢዎች እየጠበቡና በሲሚንቶ እየተሸፈኑ በሄዱ መጠን አበባ የሚቀስሙ ወፎች፣ ንቦችና እስስቶች መጠጊያ ያጣሉ። አጥር ሥር ጥቂት አፈር የቀረው ሰው ግን ብዙ ሊረዳቸው ይችላል፤ ዋናው ነገር በረጅሙ በጋ ግቢው ከአበባ፣ ከውኃና ከጥላ እንዳይራቆት ማድረግ ነው።

ሥራውን ከአጥሩ መጀመር ይመረጣል። በግንቡ ወይም በቆርቆሮው ሥር ስሚዛ፣ ግራዋና ቀጋ አሰባጥረው ይትከሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ንብ የሚወዳቸው ሲሆኑ፣ ቀጋው በእሾሁ ድመት የማትደፍረው የወፍ ጎጆ መሥሪያ ይሆናል። ስሚዛ ከቅርንጫፉ ቁራጭ ስለሚበቅል፣ የጎረቤትን ፈቃድ ጠይቀው ሁለት ስንዝር ያህል የሚረዝም ቁራጭ ወስደው፣ አፈሩ በደንብ በራሰበት በሐምሌ ግማሹን ቀብረው ይትከሉት። ለቀጋና ለግራዋ ችግኝ ግን ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅሎ ማቆየት ይጠቅማል።

ከአጥሩ ፊት ለፊት ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ሬት ይትከሉ፤ እንደ ቱቦ ረዘም ያለውን አበባውን ቀጭን ምንቃር ያላቸው ወፎች ይቀስሙታል፣ ብዙ ውኃም አይፈልግም። ዳማከሴን፣ በሶብላንና ጦስኝን ለቤት ሲቀነጥሱ ከፊሉ እንዲያብብ ይተዉለት። የአደይ አበባም ሲደርቅ ወዲያው አይታጨድ፤ እስከ ኅዳር ቢቆም ወፎች ፍሬውን ይለቅማሉ፣ የረገፈው ደግሞ በመጪው ክረምት ራሱ ይበቅላል። የወፍ ቆሎ ግን አበባው ቢያምርም ባይተከል ይሻላል፤ ወፎች ዘሩን እየበተኑት አገር በቀሉን ተክል ያፍናልና።

ውኃውን ጥልቀቱ ከ3 ሴንቲሜትር በማይበልጥ የሸክላ ሳህን ያቅርቡ፤ ንቦች እንዳይሰጥሙ ጠጠር ይጨምሩበት፣ ትንኝ እንዳይራባበትም በየቀኑ ይቀይሩት።

ከሁሉ አጥብቄ የማሳስበው የአይጥ መርዝን ነው። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው ስለማትሞት፣ ተዳክማ ስትንፏቀቅ ጉጉት ወይም ጭልፊት ይበላትና መርዙ ወደ እነርሱ ይተላለፋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ፤ አይጥ ካስቸገረም በወጥመድ ይያዝ። በጎመን ላይ ለሚወጣ ክሽክሽም ቀጠን ያለ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ፀረ ተባይ ባበበ ተክል ላይ ፈጽሞ አይረጭ።

አጥሩን ከመከርከምዎ በፊት ቅርንጫፎቹን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ከተገኘ፣ ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ድረስ መቀሱን ያቆዩ።